ስልክ ከቤተ መንግሥት እስከ ለቅሶ ቤት

የስልክ ሽቦ ከመዘርጋቱ በፊት ወሬ በእግር ይሄድ ነበር። ንጉሥ ለአገረ ገዢው የሚሰጠው ትእዛዝ፣ ነጋዴ ለሸሪኩ የሚልከው የገበያ ዋጋ፣ ዘማች ልጅ ለእናቱ የሚያደርሰው ሰላምታ፣ ሁሉም የሚፈጥነው የሰው እግር ወይም የበቅሎ ኮቴ በፈጠነበት መጠን ብቻ ነው። ከሐረር ተነሥቶ ዐዲስ አበባ የሚገባ ጭነት ነጋዴ በመንገድ ላይ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ሌት ተቀን የሚገሠግሥ መልእክተኛም ቢሆን በረሃውንና ደጋውን ለማቋረጥ ብዙ ቀን ያስፈልገዋል።

በዚያ ዘመን ወሬና ወሬ ነጋሪ አይለያዩም ነበር። ሰሚው ቃሉን ከመስማቱ በፊት ያመጣውን ሰው ያያል፤ ልብሱን የሸፈነውን አቧራ፣ የዐይኑን አኳኋን፣ የአረማመዱን ፍጥነት ወይም ዝግታ ይመለከታል። ዐዋጅ በነጋሪት ድምፅ በገበያ መካከል ሲነገር ተናጋሪው ይታወቃል፤ የመንደሩ ጥሩምባ ነፊ የሞት ጥሪ ሲያሰማ ማን እንደሆነ ይታወቃል። በአፋር ወገኖቻችን ዘንድ እስከ ዛሬ የሚሠራበት «ዳጉ» የሚባለው ልማድም የዚሁ ሥርዐት ምስክር ነው፤ ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ የሚናገረውም ሰው ላወራው ነገር እውነትነት ኀላፊ ነው።

ስልክ ይህን ሥርዐት ለወጠው። ወሬውን ከነጋሪው ለየው፤ ቃሉን ከፊቱ አስቀደመው። ስለ ስልክ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ርቀትን ማሳጠሩ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሹ እውነት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናመለክት የምንፈልገው ስልክ ወደ አገራችን የገባው የመንግሥት ትእዛዝ ማስተላለፊያ ሆኖ ሳለ፣ ሕዝቡ ቀስ በቀስ ወስዶ የሐዘኑና የደስታው፣ የገበያውና የዝምድናው መገልገያ እንዳደረገው፣ በዚህም ጉዞ ውስጥ እጅግ የከበደው ጥያቄ የሽቦና የምሰሶ ጥያቄ ሳይሆን «ለማን፣ መቼ፣ እንዴት ይነገር?» የሚለው የጨዋነት ጥያቄ እንደሆነ ነው።

ድምፅ በሽቦ ላይ እንዴት ተጓዘ

ስልክን የፈለሰፈ ተብሎ ስሙ የሚጠራው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በስኮትላንድ ኤዲንብራ ተወልዶ በአሜሪካ ቦስተን ከተማ መስማት የተሳናቸውን ሰዎች የሚያስተምር መምህር ነበር። እናቱም ሆነች ሚስቱ የመስማት ችግር ነበረባቸው። ድምፅ ምን እንደሆነ፣ በጆሮ ካልተሰማ በሌላ መንገድ እንዴት ሊታወቅ እንደሚችል ዘወትር ያስብ የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው። ቤል የፈጠራ መብቱን የተቀበለው እ.ኤ.አ. መጋቢት 7 ቀን 1876 ሲሆን፣ ከሦስት ቀን በኋላ በሌላ ክፍል ለነበረው ረዳቱ ለቶማስ ዋትሰን በሽቦ አማካይነት የሚሰማ ቃል ተናገረ። ከእርሱ በፊትና ከእርሱ ጋር በአንድ ጊዜ በዚህ ጥበብ የደከሙ ሌሎችም ነበሩ፤ ጀርመናዊው ፊሊፕ ራይስ፣ ኢጣልያዊው አንቶኒዮ ሜውቺና አሜሪካዊው ኤላይሻ ግሬይ ሊዘነጉ አይገባም።

አሠራሩን በቀላሉ ለመግለጽ ያህል፣ ሰው ሲናገር በአፉ ፊት ያለው አየር ይንቀጠቀጣል። ይህ እንቅጥቅጥ በስልኩ አፍ ላይ ያለውን ስስ ዝርግ ብረት ያርገበግበዋል። ቶማስ ኤዲሰን ባሻሻለው መሣሪያ ውስጥ ከዚህ ብረት ኋላ ከሰል አለ። ብረቱ ወደ ውስጥ ሲገፋ ከሰሉ ይጨመቃል፤ የኤሌክትሪክ ኀይልም በቀላሉ ያልፋል፤ ብረቱ ሲመለስ ከሰሉ ይላላል፤ ኀይሉም ይቀንሳል። እንግዲህ በሽቦው ላይ የሚሄደው ኤሌክትሪክ የተናጋሪውን ድምፅ እየተከተለ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ይኸው ኤሌክትሪክ በጥቅል ሽቦ ውስጥ አልፎ ማግኔቱን ሲያበረታውና ሲያደክመው፣ ማግኔቱ በሰሚው ጆሮ አጠገብ ያለውን ስስ ብረት ይስባል፣ ይለቃል፤ ብረቱም አየሩን አንቀጥቅጦ ድምፁን እንደገና ይፈጥረዋል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። በሽቦው ላይ የሚጓዘው ድምፁ ራሱ ሳይሆን የድምፁ አምሳል ነው። ይህም አምሳል ሙሉ አይደለም። የስልክ መስመር ከሰው ድምፅ የሚያሳልፈው በሴኮንድ ከ300 እስከ 3,400 ጊዜ የሚንቀጠቀጠውን ክፍል ብቻ ነው። ቃሉን ለመለየት ይህ ይበቃል፤ ነገር ግን ከዚህ በታች ያለው የድምፅ ጥልቀትና ከዚህ በላይ ያለው ረቂቅ ቃና በመንገድ ይቀራል። የምናውቀው ሰው በስልክ ሲናገር ድምፁ የሚቀጥንብን ስለዚህ ነው። ፊቱማ ጨርሶ አይሄድም።

የመሣሪያው የፈረንጅኛ ስም «ቴሌፎን» ሲሆን ከግሪክ ቋንቋ የተገኘና «የሩቅ ድምፅ» ማለት ነው። እኛ ግን ስሙን የወሰድነው ከዐረብኛ ነው፤ «ስልክ» ማለት ሽቦ ማለት ነው። ፈረንጅ መሣሪያውን በሚሠራው ሥራ ሲሰይመው የአገራችን ሰው በሚታየው ነገር ሰየመው። ዛሬ ሽቦ የሌለውን መሣሪያ ሳይቀር «ሽቦ» ብለን ስንጠራው መኖራችን ከዚያ ዘመን የተረፈ ትዝታ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ አገባቡ

እንደሚተረከው ከሆነ የመጀመሪያዎቹን የስልክ መሣሪያዎች ወደ አገራችን ያመጡት ራስ መኰንን ናቸው። በ1881 ዓ.ም. ማለቂያ ወደ ኢጣልያ በመልእክተኛነት ሄደው በ1882 ዓ.ም. ሲመለሱ ለዳግማዊ ምኒልክ ይዘውላቸው መጡ፤ መሣሪያዎቹም በቤተ መንግሥቱና በግምጃ ቤቱ መካከል ተተከሉ ይባላል። ሰው ሳይታይ ድምፁ ብቻ መሰማቱ ያስደነገጣቸው አንዳንድ ካህናት የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ብለው እንደተቃወሙና ንጉሠ ነገሥቱ ግን እንዳልተቀበሏቸው በሰፊው ይነገራል። ይህን ትረካ ዛሬ የሚሰማ ተማሪ ይሥቅ ይሆናል። ነገር ግን ከላይ እንደተናገርነው፣ ወሬ ከነጋሪው ተለይቶ በማያውቅበት አገር አካል የሌለው ድምፅ መስማት በእውነት እንግዳ ነገር ነበር። ካህናቱ የተሳሳቱት በመልሱ እንጂ በጥያቄው አልነበረም፤ «የሚናገረኝ ማን ነው? ፊቱን ሳላይ እንዴት ልመነው?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም አልሞተም።

የአገሪቱ የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት ዕድሜውን የሚቈጥረው እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ነው፤ መነሻውም 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የዐዲስ አበባና የሐረር መስመር ነው። በዚያው ዓመት የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት የሚያስችለው ፈቃድ ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ተሰጥቷል። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ዐሳብ የተያያዙ ነበሩ፤ ሐረር ለዐዲስ አበባ የባሕሩ በር ነበረችና። ቈይቶም እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 ኢጣልያኖች ዐዲስ አበባን ከአሥመራ የሚያገናኘውን የቴሌግራፍ መስመር ሠሩ። የባቡሩም ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ዐዲስ አበባ ሲደርስ ሽቦው ከጎኑ ተከትሎ ነበር።

የመስመሮቹ ጥበቃ ቀላል አልነበረም። የእንጨቱን ምሰሶ ምስጥ ይበላዋል፤ ዝናብና ነፋስ ዛፍ ይጥልበታል፤ የዱር አውሬ ይታከክበታል፤ ለአምባርና ለጌጥ የሚያምር ሆኖ ያገኘው ሰውም ሽቦውን እየቈረጠ ይወስዳል። መስመሩ የሚያልፍበት አገር ባላገር ከዚያ ሽቦ ምንም ጥቅም አያገኝም ነበር። ከራሱ በላይ የሚያልፈው ቃል ስለ ግብር፣ ስለ ክተትና ስለ ሹም ሽር የሚነገር ነው። ሽቦው በማሳው ላይ ያልፋል እንጂ ለእርሱ አይናገርም። ያልጠቀመውን ነገር እንዲጠብቅ ሰውን ማስገደድ እንጂ ማሳመን አይቻልም፤ ይህም ለማናቸውም የሥልጣኔ ሥራ ትምህርት የሚሆን ነው።

ከመንግሥት ወደ ሳሎን

ስልክ ሁለት ቤቶችን ብቻ ሲያገናኝ ጠቃሚ መጫወቻ ነው። ብዙ ቤቶችን ለማገናኘት ግን ከእያንዳንዱ ቤት ወደ እያንዳንዱ ቤት ሽቦ መዘርጋት አይቻልም፤ መቶ ቤቶች እርስ በርሳቸው ይገናኙ ቢባል 4,950 መስመሮች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ሽቦዎቹ ሁሉ በአንድ ማዞሪያ ቤት ተሰብስበው፣ በዚያ የተቀመጠ ሠራተኛ የደዋዩን ሽቦ ከተፈላጊው ሽቦ ጋር በእጁ እንዲያገናኝ ተደረገ። እንዲህ ያለው የመጀመሪያው የንግድ ማዞሪያ እ.ኤ.አ. በ1878 በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ ተከፈተ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቀባሪ የሚነገረውን ታሪክ ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። አልመን ስትራውጀር በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ሬሳ ገንዞ በማስቀበር ሥራ የሚኖር ነጋዴ ነበር። የሚያገናኙት የስልክ ሠራተኞች የእርሱን ደንበኞች ወደ ተወዳዳሪው ይመሩብኛል ብሎ ስለ ጠረጠረ፣ የሰው እጅ ሳይገባበት መስመር የሚያገናኝ መሣሪያ ፈለሰፈ ይባላል። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1891 አገኘ። ከጊዜ በኋላ ቍጥር ያለው ክብ ነገር በጣት እየዞረ የሚደወልበት ስልክ የተገኘው ከዚህ መሣሪያ ነው። ክቡ ተለቅቆ ሲመለስ በተደወለው ቍጥር ልክ ኤሌክትሪኩን ይቈራርጠዋል፤ ማዞሪያውም ቍርጥራጩን ቈጥሮ ክንዱን ወደሚፈለገው መስመር ያነሣል። እንግዲህ ራሱ የሚያገናኝ ስልክ የተወለደው የሞት ወሬ ወደ ማን እንደሚሄድ ከተነሣ ጭቅጭቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሽቦ የሌለው የሬዲዮ መገናኛም ወደ አገራችን መጥቶ ነበር፤ ነገር ግን አየር አጥር የለውም። በ1928 ዓ.ም. የጦርነት ጊዜ የኢጣልያ ጦር ከኢትዮጵያ ጦር ሰፈር የሚተላለፉትን የሬዲዮ መልእክቶች እየጠለፈ ያነብ ነበር፤ በመጋቢት ወር በማይጨው ለተደረገው ውጊያም ከዚህ ያገኘው ዕውቀት ጠቅሞታል። በእግር የሚሄድ መልእክተኛ ቢያዝ መጥፋቱ ይታወቃል፤ የተጠለፈ የሬዲዮ ቃል ግን ላኪው ሳያውቅ በጠላት እጅ ይገባል። ፍጥነት ያለ ጥንቃቄ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ካገኘቻቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1951 ለቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ የተሰጠው 1.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር። በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያም ሥራውን ከሚኒስቴር ተለይቶ የሚያካሂድ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በዐዋጅ ተቋቋመ። ከዚህ በኋላ ስልክ ከመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ወደ ባለጸጋው ሳሎን ይገባ ጀመር።

በሳሎን ውስጥ ስልክ የክብር ዕቃ ነበር። በዳንቴል ጨርቅ ይሸፈናል፤ ልጆች እንዳይደውሉበት በትንሽ ቍልፍ ይቈለፋል። ነገር ግን የአንድ ቤት ስልክ የአንድ ቤት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ስልክ የሌለው ጎረቤት የባለስልኩን ቍጥር ለዘመዶቹ ይሰጣል፤ ከክፍለ ሀገር ሲደወልለት የባለስልኩ ልጅ ሮጣ ትጠራዋለች። በስልኩ የተነገረውን ቤተ ሰቡ ሁሉ ይሰማል፤ ደስታም ሐዘንም ቢሆን በሰው መካከል ነው። ሩቅ አገር መደወል የፈለገም ወደ ቴሌ መሥሪያ ቤት ሄዶ ቍጥሩን ያስመዘግባል፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል፤ ስሙ ሲጠራ ወደ ጠባቧ ክፍል ይገባል። በዚህ ሁሉ መዘግየት ውስጥ ሳይታሰብበት አንድ ጥቅም ነበረ፤ ቃል ከመነገሩ በፊት የሚታሰብበት ጊዜ ይገኝ ነበር።

ሽቦ የሌለው ስልክ

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 ቀን 1973 የሞቶሮላ ኩባንያ መሐንዲስ ማርቲን ኩፐር በኒው ዮርክ ጎዳና ላይ ቆሞ በእጁ በያዘው ስልክ ደወለ። የዚህ ስልክ ዐሳብ ግን ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1947 በቤል የምርምር ተቋም የተጠነሰሰ ነው። ዐሳቡ እንዲህ ነው፤ አገሩ እንደ ማር እንጀራ በትናንሽ ክፍሎች ይከፈላል፤ በየክፍሉ አንቴና የተሸከመ ማማ ይተከላል። ማማው ደካማ ሞገድ ስለሚጠቀም ድምፁ ከክፍሉ ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ ያው ሞገድ ራቅ ባለ ሌላ ክፍል እንደገና ሊሠራበት ይቻላል። ሰውዬው እየተናገረ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር፣ አንዱ ማማ ለሌላው ያስረክበዋል፤ ተናጋሪው ግን አያውቀውም።

ስልኩ ዝም ባለበትም ሰዓት ሥራ አይፈታም። በአቅራቢያው ላለው ማማ «እዚህ ነኝ» እያለ ያስታውቃል፤ መሥሪያ ቤቱም ማን በየትኛው አካባቢ እንዳለ በመዝገቡ ይይዛል። ልክ እንደ ድሮ ጭቃ ሹም የእያንዳንዱን ሰው መኖሪያ ያውቃልና፣ ጥሪ በመጣ ጊዜ በቀጥታ ወደዚያው ይመራዋል። ድምፁም እንደ ጥንቱ በኤሌክትሪክ ማነስና መብዛት አይሄድም፤ በየሴኮንዱ 8,000 ጊዜ እየተለካ ቍጥር ይሆናል፤ የሚተላለፈው ቍጥሩ ነው። ፎቶግራፍም፣ ደብዳቤም፣ ገንዘብም ቍጥር ሊሆኑ ስለሚችሉ ሁሉም በአንድ መንገድ መጓዝ ቻሉ።

በአገራችን ሞባይል ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. በዐዲስ አበባ ነው። በዚያን ጊዜ፣ የሐረር መስመር ከተጀመረ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በመላ አገሪቱ የነበረው የሽቦ ስልክ ከ300 ሺህ አይበልጥም ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞቹ ቍጥር ከ80 ሚሊዮን በላይ መድረሱን አስታውቋል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን ጀምሯል። ሽቦ በመቶ ዓመት ያላደረሰውን ማማ በ26 ዓመት አደረሰ።

ሕዝቡም መሣሪያውን እንደ ኑሮው አድርጎ ለወጠው። ገንዘብ የሌለው ሰው ደውሎ ሳይነሣለት በመዝጋት «ሚስኮል» ያደርጋል። የመጥሪያው ምልክት ከንግግሩ ተለይቶ ስለሚሄድና ሒሳቡ የሚጀምረው ስልኩ ሲነሣ በመሆኑ፣ ሳይከፍል መልእክቱን ያደርሳል፤ አንድ ጊዜ መደወል «ደርሻለሁ»፣ ሁለት ጊዜ መደወል «መልሰህ ደውል» ይሆናል። ገበሬው በ2006 ዓ.ም. በተከፈተው በ8028 የስልክ አገልግሎት ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ምክር ይሰማል፤ እህሉን ከመጫኑ በፊትም የከተማውን ዋጋ ከወንድሙ ይጠይቃል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ገንዘብ ይላካል። በማሳው ላይ ዝም ብሎ ያልፍ የነበረው ሽቦ በመጨረሻ ለባላገሩ መናገር ጀመረ ማለት ነው።

መርዶና ስልክ

ይህ ሁሉ ትርፍ ነው። ኪሳራው የሚታየው በመርዶ ጊዜ ነው።

በአገራችን ልማድ የሞት ወሬ እንደ ሌላው ወሬ አይነገርም። ዘመዱ በሩቅ አገር የሞተበት ሰው መኖሩ ሲታወቅ፣ ጎረቤቶችና ሽማግሌዎች አስቀድመው ይመካከራሉ። ማን ይሂድ? መቼ ይነገር? በሽታ ያለባት እናት ብትሆን ማን ከጎኗ ይቀመጥ? ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ማለዳ ነው፤ ማታ ከተነገረ ሌሊቱ በሐዘንተኛው ላይ ይረዝማልና። ሰዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጎሕ ሲቀድ በር ያንኳኳሉ። ሐዘንተኛው ገና በሩን ሲከፍት ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ማየቱ ራሱ ግማሹን ይነግረዋል፤ ግማሹን ሽማግሌው ይናገራል። ሲወድቅ የሚደግፈው፣ ደረቱን ሲመታ እጁን የሚይዘው፣ ውኃ የሚያቀርብለት ሰው በአጠገቡ አለ። ከዚያ ድንኳን ይተከላል፤ ጎረቤት ምግብ ያመጣል፤ እድርተኛው ይሰበሰባል።

በአማርኛችን መርዶ የሰማ ሰው «ተረዳ» ይባላል፤ ነገሩ የገባውም ሰው «ተረዳ» ይባላል። አባቶች ይህን ያወቁት ይመስላል፤ የሞት ወሬ በጆሮ መግባቱ ብቻ አይበቃም፤ ሰው ሊቀበለው በሚችልበት ሁኔታ መነገር አለበት። ስልክ ማሰማት ይችላል፤ ማስረዳት ግን አይችልም። ድምፁን ያደርሳል፤ የሚደግፈውን እጅ አያደርስም።

በሽቦው ዘመን ይህ ችግር በከፊል በራሱ ይፈታ ነበር። የስልኩ ጥሪ የሚደርሰው በመሥሪያ ቤት ወይም በጎረቤት ሳሎን ስለሆነ፣ ወሬውን መጀመሪያ የሚሰማው ሌላ ሰው ነው፤ እርሱም ሽማግሌ ይሰበስባል። ሞባይል ግን በቀጥታ ወደ ሰውዬው ኪስ ይገባል። በአውቶቡስ ውስጥ፣ በገበያ መካከል፣ መኪና ሲነዳ ያገኘዋል። ከዚህም የከፋው በማኅበራዊ መገናኛ የሚለጠፈው ፎቶግራፍ ነው። ቤተ ሰቡ ሽማግሌ ሳይልክ፣ የሟቹ ሥዕል «ነፍስ ይማር» ከሚል ቃል ጋር ይወጣል፤ እኅት የወንድሟን ሞት በእጇ በያዘችው መስተዋት ላይ ብቻዋን ታነባለች። በዋሽንግተንም፣ በቴል አቪቭም፣ በዱባይም የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን በሚገባ ያውቁታል። በባዕድ አገር ብቻውን ለሚኖር ሰው የአገር ቤት ወሬ በቀጥታ ከደረሰው ማን ይደግፈዋል?

ደግነቱ ሕዝባችን መሣሪያውን ተቀብሎ ሥርዐቱን አልጣለም። ብልሃት ፈጠረ። አስተዋይ ሰው ወደ ሐዘንተኛው አይደውልም፤ እዚያው ከተማ ላለ ወዳጁ ይደውላል። በውጭ አገር ያሉ ማኅበርተኞች መርዶውን ይዘው፣ ሰውዬው ሥራውን ጨርሶ እስኪገባና ዐርፎ እስኪያድር ጠብቀው፣ ማለዳ ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። ግድ ሆኖ በስልክ መናገር ያለበትም አስቀድሞ «ማን አለ አጠገብህ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህች አጭር ጥያቄ የጥንቱ ሥርዐት ሙሉ ትርጕም ናት። ወሬው በእግር ባይመጣም፣ እግር ያለው ሰው በቦታው መኖሩን ታረጋግጣለች።

የስልክ መኖር ብቻ ሳይሆን የስልክ መጥፋትም ምን ያህል እንደሚጎዳ በቅርቡ ዐይተናል። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲነሣ በትግራይ የስልክ መስመር ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። በዐዲስ አበባና በውጭ አገር ያሉ ልጆች እናትና አባታቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቁ ወራትን፣ ኋላም ዓመታትን አሳለፉ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ መስመሩ በየከተማው ሲመለስ፣ ያ የናፈቁት የስልክ ጥሪ ለብዙዎች የሁለት ዓመት መርዶ በአንድ ጊዜ ይዞ መጣ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ በጦርነቱ ለወደቁት ተዋጊዎች ቤተ ሰቦች መርዶው በይፋ ተነገረ። ስልኩ በየኪሱ እያለ፣ ሐዘኑ ቀን ተቈርጦለት በአደባባይ እንዲነገር የተፈለገው፣ ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይችለው ነገር ስለሆነ ነው።

ማጠቃለያ

ከራስ መኰንን ዘመን እስከ ዛሬ ያለው የስልክ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛው፣ ሕዝብ የሚጠብቀውና የሚያለማው ለእርሱ የሚናገረውን ነገር ነው። የሐረሩ ሽቦ የተቈረጠው ባላገሩ ሥልጣኔን ጠልቶ አልነበረም፤ ሽቦው የእርሱ ስላልነበረ ነው። ሞባይል በእጁ በገባ ጊዜ ግን ማንም ሳያስተምረው የገበያና የዝምድና ቋንቋ አወጣለት። አዲስ ጥበብ ወደ አገር ሲገባ የመንግሥት ሠራተኛ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው «ይህ ነገር ለባላገሩ ምን ይናገራል?» የሚለውን ነው።

ሁለተኛው፣ መሣሪያ ፍጥነትን እንጂ ማስተዋልን አይሰጥም። ከሰሉ፣ ማግኔቱ፣ ማማው፣ ቍጥሩ፣ ሁሉም ቃልን ከቦታ ወደ ቦታ ያደርሳሉ፤ ቃሉ በሰሚው ላይ ምን እንደሚያደርስ ግን አያውቁም። ይህን የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። መምህራንም ለተማሪዎቻቸው ስልክ እንዴት እንደሚሠራ ሲያስተምሩ፣ መቼ ዝም ማለት እንደሚገባም ቢጨምሩበት ትምህርቱ ሙሉ ይሆናል።

አባቶቻችን መርዶ ይዘው በሌሊት ሲጓዙ በልባቸው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ስነግረው ማን ይደግፈዋል?» የሚል። መንገዱ ከሳምንታት ወደ ቅጽበት አጥሯል። ጥያቄው ግን ያው ነው፤ መልሱንም የሚሰጥ መሣሪያ እስካሁን አልተፈለሰፈም።